ሽብልቅ

በክላክስቪክ ወደብ፣ ከዓሣው ፋብሪካ፣
ውርጭ የጣሪያውን ጠርዝ በጥርሱ ሲለካ፣
እኛ በድርብ ካልሲ፣ በሹራብ ተጠቅልለን፣
ጣታችን እንዳይደርቅ እፍ እፍ እያልን፣
ማርዩን ብቻዋን ናት አንገቷን የከፈተች፣
በየካቲት ሌሊት በላብ የራሰች።

እኔ ተቆጣጣሪ፤ ዕድሜዬ ሠላሳ፤
ሥራዬ መቁጠር ነው፣ ደቂቃና ዓሣ።
ከመስመር ስትወጣ፣ ሳይሰማ ደወል፣
ሁለት ጊዜ ጻፍኩባት፤ ሦስተኛው ያባርራል።

ቢላ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረችኝ ራሷ፣
«አጥንቱን ተከተል፣ አትግፋው» ያለች እሷ፣
ዛሬ የሣጥኑ ቁጥር አፏ ላይ ይጠፋል፤
አርባ ስድስት ስትል እጇ ሃያ ይጽፋል።
አንዱ «አርጅታለች»፤ ሌላው «ጠጥታ ነው»፤
ሶልሩን ዝም ብላ ቢላዋን ሳለችው።

ሴቶቹ ያውቁ ነበር።
ስሙን ግን እንደ ነጠላ ጫማ
እቤት አውልቀውት ነው ሥራ የሚገቡት።

አንድ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣
ከማቀዝቀዣው ክፍል፣ ከዜሮ በታች ሃያ፣
አገኘኋት። ጓንቷን አውልቃ፣
ግንባሯን ከበረዶው ሣጥን አስደግፋ።
«ማርዩን» አልኩ፤ እስክሪብቶዬን ይዣለሁ።
«ቀለሙ እዚህ ይረጋል፣ አይጽፍልህም» አለች ሳትዞር።
«ከደረቴ ይነሣል፤ እንደ ወተት ነው፣
ሲገነፍል ክዳን አያውቅም።
ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ይኸው ፈጀው።
ሌሊት አንሶላ እቀይራለሁ፣ ቀን ስም እረሳለሁ፤
ትናንት የልጄን ስም ደጃፍ ላይ ቆሜ ፈለግሁት።
ማረጥ ይሉታል። ጻፍ እንግዲህ።
ፊደሉን ልንገርህ?»

ቢሮ ገባሁ። ቅጹን ገለጥኩ።
ሕመም። ወሊድ። ሐዘን። የተቆረጠ ጣት።
የሷ የሚሆን ቦታ የለም። «ሌላ» የሚል አለ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት «ሌላ» ውስጥ ይገባል?
እናቴ ትዝ አለችኝ፣ በታኅሣሥ መስኮት ስትከፍት፤
አባቴ ሲዘጋ። ስትከፍት። ሲዘጋ።
እኔ መካከል ላይ፣ የቤት ሥራዬን ይዤ፣
«በረደኝ!» ብዬ የጮኽኩት ለማን አግዤ እንደሆነ
አሁን ገና ገባኝ።

በማግስቱ ወንበር ይዤላት መጣሁ። ሳቀችብኝ።
«መቀመጥ ማን አለህ? በር ነው የምፈልገው።»
ከዓሣ ሣጥን እንጨት ሽብልቅ ጠረብኩ፤ ጠማማ ነው፣
አናጢ አይደለሁም። የኮሪደሩን በር፣
ወደ ባሕር የሚያየውን፣ ሦስት ጣት ያህል ከፍቶ ይይዛል።
የምትቀድመውን ፈረቃ ለሁለት ከፈልን፤
የሣጥኑን ቁጥር ሶልሩን ትጽፋለች፣ ማርዩን ቢላዋን።
«ሙቀት ይወጣል፣ ሒሳቡን ማን ይከፍላል?»
አሉ ከላይ። መልሴ አላማረም፤ ተንተባተብኩ።
ደብዳቤ መጣ፤ በኔ ስም። አንድ።

ትናንት ሌሊት ደግሞ ከሽብልቁ አጠገብ
ሶልሩን ቆማለች። ቢላዋ ከመደቡ ላይ።
አላየችኝም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።
ከእግሯ ሥር የገባውን አመዳይ
ቀስ ብዬ ጠረግሁ።

ሥራዬ መቁጠር ነው፣ ደቂቃና ዓሣ፤
የበሩን ደቂቃ፣ ተዉኝማ፣ ልርሳ።