ሰባት ደቂቃ

ሃያ ሰባት ዓመት ፊሽካ ስነፋ ኖሬ፣
አውቶቡስ ስሸኝ፣ ሰው ስቆጥር አድሬ፣
ጡረታዬ ሲወጣ የውብዳር ጠራችኝ፤
“ሳሎኔ መናኸሪያ ሳይሆን በፊት” አለችኝ፣
“አምስት ቀን ጅማ ሄደን ምንም ሳንሠራ እንዋል።”
“ምንም ሥራ አይደለም” ስላት፣ “ይለመዳል።”

ከአባ ቢያ ቤት አረፍን፣ ከቦሳ ቂጦ ማዶ፤
ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ጓሮው ሙሉ አቮካዶ።
ሌሊት አንዱ ሲወድቅ — ጓ! — ብድግ እላለሁ፤
“የስንት ሰዓቱ ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ።
የውብዳር በብርድ ልብስ አፏን አፍና ሳቀች፤
“የሰባት ሰዓቱ ነው፤ ሞልቷል፤ ተኛ” አለች።

የመጀመሪያው ቀን ዘነበ። ሁለተኛውም።
የጅማ ዝናብ እንግዳ ነው፤ ልሂድ ብሎ አይሄድም፤
ደጃፍ ላይ ቆሞ ሌላ ወሬ ያነሣል፤
ሄደ ሲሉት፣ ጃንጥላ እንደረሳ ሰው፣ ይመለሳል።
እኔ በረንዳ ላይ፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ፤
ቆጥሬያለሁ፦ አርባ ባጃጅ፣ አንዱ ፍየል ይዞ ወደ ከተማ።
“ተው እንጂ” አለች። ተውኩ። ጣቶቼ ግን አልተዉም፤
ጉልበቴ ላይ ሆነው፣ አንድ... ሁለት... አልደከሙም።

አንዲት ጦጣ መጣች በአቮካዶው ወርዳ፣
ሳሙናዬን ነጠቀች፤ ቀመሰችው፤ ተናዳ
መልሳ ወረወረችው። ዚነት፣ የአባ ቢያ ልጅ፣
“የትናንቱ ይጥማት ነበር” አለች ከደጅ።

ሦስተኛው ቀን ሲያባራ፣ ጅሬንን ልናየው
ስንወጣ፣ ባጃጇ ቆመች። “ትንፈስ፤ እሷም ሰው ነው”
አለ ነጂብ፤ ተነፈስን። ከጥንቱ ግቢ ሰገነት፣
ከእንጨቱ መደገፊያ፣ ጅማ ታየች በረጋ እርጥበት፤
ቆርቆሮ በቆርቆሮ፣ የመስጊድ ጫፍ፣ የማለዳ ጢስ፣
ከቦዬ ረግረግ በኩል ቀስ የሚል ነጭ ልብስ።
አስጎብኚው ዓመተ ምሕረት ሲጠራ አልሰማሁም፤
እስከዚያ ቀን ድረስ ቁጥር አላነሰኝም።
አንድ ደመና ብቻ አየሁ፤ ከየት ወዴት እንደሆነ
ሳልጠይቀው፣ ሳልመዘግበው፣ ተራራው ላይ በነነ።

በማግስቱ ቦዬ። “ጉማሬ አለ” ብለውን ቁጭ አልን፤
ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፤ ውሃው ተመለከተን።
አንዴ ብቻ እፍፍ አለ፤ ትንፋሽ ነው፣ ገላ የለውም፤
የውብዳር እጄን ያዘች። ሌላ አልጠየቅንም።
ማር በዳቦ በላን፤ ንቧ ድርሻዋን ጠየቀች፤
ሚስቴ ጫማዋን አውልቃ ጉልበቴ ላይ ተኛች።
ሰዓቴን ያን ማታ የት እንዳኖርኩት አላውቅም።
የገረመኝ መጥፋቱ አይደለም፤ አልፈለግሁትም።

በአምስተኛው ቀን ንጋት፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣ መኪናችን።
እንቅልፍ — ዕድሜ ልኬን ያልደፈረኝ — ሁለታችንንም ጣለን።
ጭቃ፣ ሩጫ፣ የሻንጣው ጎማ ወልቆ እየተጎተተ፣
“ሄዷል” እላለሁ፤ እኔ ብሆን ይሄዳል፤ ስንቱ በእጄ ተንከራተተ!

ቆሟል። በሩ ክፍት። አንዲት ልጅ፣ ጃንጥላ ሥር፣ ወረቀት ይዛ፣
“ዝናብ ነው፤ ይመጣሉ ብዬ ነው” አለች፣ እንደ ዋዛ።
ሰባት ደቂቃ አቁማዋለች፤ ሾፌሩ ሲያጉረመርም፣
ተሳፋሪው ሲያማርር። ፊሽካ እንኳ የላትም።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ያቺ ሴት ትዝ አለችኝ፤
ቀይ ብርድ ልብስ ታቅፋ፣ መስኮቱን በመዳፏ እየመታች ያየችኝ።
ብርድ ልብሱ ውስጥ ምን እንደነበር አልጠየቅሁም።
“በሰዓቱ ወጣ” ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አልነበረም።

ጊቤ ድልድይ ስንደርስ የውብዳር ከእንቅልፏ ነቅታ፣
“ስንት ሰዓት ሆነ?” አለች፣ ትከሻዬን ነካክታ።
የነጣውን የእጄን ቆዳ፣ የሰዓቱን ቦታ፣ አየሁት።
“ሰባት ደቂቃ” አልኳት፤ መስኮቱንም ከፈትኩት።