ወፍ አለ

አሰግድ ይደውላል ከማዲሰን፣ ማታ፣
«ምን አዲስ?» ይለኛል፤ ይኸው ነው ሰላምታ።
እኔም ሥራው ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ
አንድ መልስ ነው ያለኝ፣ አምናም ሆነ ዘንድሮ፦
«ወፍ የለም።»

ሃያ ሁለት ፎቅ መስታወት፣ አንድ የቁልፍ ዘለላ፣
ስድስት የካሜራ ዐይን፣ አንድ የእኔ ጥላ፤
ውጭ ሚልዋኪ፣ ከሐይቋ ዳር ተኝታ፣
ማን መጥቶ ያንኳኳል በዚህ ሁሉ ማታ?

ያንኳኳ ነበር ለካ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ጎሕ ሲቀድ አካባቢ፣
ከተሽከርካሪው በር ሥር፣ መጥረጊያዬ ጫፍ ላይ፣
ቅጠል መስላኝ ነበር።
ብጫ።
አነሣኋት። ከቁልፌ ትቀላለች፤
ግን ገና ትሞቃለች።

ቨርና መጣች፣ ፖስታ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣
ከክንዷ ሥር የወረቀት ከረጢት የያዘች።
ቀኑን፣ መንገዱን፣ በሩ የሚያይበትን
በእርሳስ ጻፈችና አፉን አጠፈችው፣
ተቀባይ እንዳጣ ደብዳቤ።
«ከካናዳ ጫካ ተነሥታ» አለችኝ፣
«ሌሊቱን በኮከብ እየተመራች ነው፤
ያንተን መብራት ስታይ ኮከብ መሰላት።»

ያንተ አለች። የኔ!
ደመወዙ እንጂ መብራቱም የኔ እንደሆነ
ያን ቀን ነው የሰማሁ።

ማታውን፣ ወንበሬ ላይ፣ ስልኬን አውጥቼ ተመዘገብኩ።
ስም። ቁጥር። የሰፈሩ ዚፕ ኮድ።
ማንቂያው በምን ይድረስዎ? በአጭር መልእክት።
የተመዘገቡበት ምክንያት? (ግዴታ አይደለም)
«ብጫ» ብዬ ጽፌ አጠፋሁት።
ባዶውን ላክሁ።

ዘጠኝ ቀን ዝም አለ። በዐሥረኛው ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፦
ዛሬ ነፋሱ ከሰሜን ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ፤
በአውራጃዎ ላይ ሁለት መቶ ሺህ ወፍ ያልፋል፤
ከዐሥራ አንድ ሰዓት እስኪነጋ መብራት ያጥፉ።
ዐሥራ አንድ በነሱ ነው፤ በኛ ከምሽቱ አምስት።

ሁለት መቶ ሺህ!
እኔ ደግሞ ወፍ የለም እላለሁ።

አለቃዬን ጠየቅሁ። «ቆጣሪው ይቀንሳል፣ አጥፋ» አለ፣
ስለ ወፉ አንድም ቃል አልተነፈሰ።
ከላይ ጀመርኩ። ሃያ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ፣
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፤
ፎቁ እንደ ሰው ልብሱን አወለቀ።

ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ አንድ መስኮት ቀረ።
ሚስ ሃልቮርሰን ናት፣ የግብር ሒሳብ ታጣራለች።
ደወልኩላት። «ወፎች እያለፉ ነው» አልኩ።
ዝም።
«ስንት?»
«ሁለት መቶ ሺህ።»
ዝም። ከዚያ፣ «መጋረጃ ብዘጋስ?»
«ይበቃል» ልል ስል አጠፋችው፣
በደረጃ ወረደች፣ ጫማዋ በእጇ።

ከበሩ ውጭ ቆምን፣ አንገታችን ወደ ላይ።
ምንም አይታይም። ጨለማ ብቻ ነው።
ግን ከጨለማው ውስጥ፣ እንደ ጣሪያ ፍሳሽ፣
ሲት… ሲት…
አንዱ ላንዱ «አለሁ» ይላል፣
ሌላው ራቅ ብሎ «አለሁ» ይላል።
«ይኸ ሁሉ» አለች ሚስ ሃልቮርሰን፣ «በየዓመቱ?»
እኔ ምን አውቃለሁ! ጀማሪ ነኝ።

ወፍ ሲንጫጫ ቨርና ደረሰች።
ከባንኩ በር ሥር ሦስት አገኘች፤
ከኛ በር አንድ።
አንዷንም ጻፈቻት።
አንድም ያው አንድ ነው፣ ብጫ ባይሆንም።

አሰግድ ደወለ፣ መኪና እየነዳ።
«ምን አዲስ?»
እንደ ልማዴ «ወፍ…» ብዬ ጀመርኩ፣
ቆምኩ።
«ወፍ አለ» አልኩት።
«ምን አልክ? አይሰማም፣ ድልድይ ሥር ነኝ።»
«አለ! አለ!» አልኩ፣ መስመሩ ተቋርጦም።