የአፍ ኪራይ

ቢሮዬ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከአደባባዩ ወረድ ብሎ፣
ግማሽ ኮንቴይነር፣ ከጎሚስታው ጎን ተጥሎ።
ዝናብ ሲመታው ደንበኛዬን አልሰማውም፤
ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ራሴን አልሰማውም።
ዘቢባ በደጄ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣
መብራት በጠፋ ቁጥር «ፍትሕ ጠፋ» ትላለች።

ከዚህ በፊት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት፣
አቃቂ ምድብ ችሎት፣
ካባዬ የአቧራ ቀለም፣ ድምፄ ግን የብረት።
አረንጓዴ ማኅደር በብብቴ፣ በቀን አሥራ ሰባት ክስ፣
የሰውየውን ፊት ሳላይ፣ አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪደርስ፤
«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ምስክሮቻችን ያስረዳሉ» እያልኩ፣
የሰው ዕድሜ በዓመትና በወር ቆጥሬ እየጠየቅኩ።
ማታ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ ድካሙ ሲጥለኝ፣
ኪሴን ጨብጬ እይዛለሁ፣ ሰው ሁሉ ተከሳሽ እየመሰለኝ።

ለምን ለቀቅህ? ይሉኛል። «ደሞዙ» እላለሁ፤ ደሞዙ ነው።
ከዚያ የጠለቀ ነገር ካለ፣ የደረሰኝ ቆይቶ ነው።

ጥቅምት ላይ፣ የኮዬ መንገድ ጭቃ ሳይደርቅ ገና፣
አንድ ሰው በሬን ገፋ፣ ቦቲውን አራገፈና
ቁጭ አለ። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ጣለ።
ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ግን ሳለ።
ረጅም ሳል ነው፣ ጋሪ ኮረት ላይ ሲጎተት የሚመስል፣
ዘቢባ ደጅ ሆና «ይማርህ» እስክትል።

«አቶ ልሳነወርቅ፣ ረሳኸኝ» አለ። «ጉደታ ነኝ።
የመዳብ ሽቦ ሰርቋል ብለህ ሦስት ዓመት ያስፈረድክብኝ።
አፍህ ጥሩ ነበር። ስትናገር እኮ
እኔው ራሴ፣ ሰርቄ ይሆን እንዴ? አልኩኝ።
አሁን ወንድሜ ታስሯል።
ያንን አፍ ልከራየው መጣሁ። ዋጋውን ንገረኝ።»

(አባቴ ስሜን ሲያወጣ፣ ቆዳ ነጋዴ ነው ዱሮም፤
ምላስም እንደሚሸጥ ሳይጠረጥር አይቀርም።)

ፊቱ አልመጣልኝም። መዝገቡ ግን መጣ፦
ዘበኛው ባሻ ቱፋ፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ ምሎ፣
«ጨለማ ነው፤ ፊቱን አላየሁም፤ በሳሉ ለየሁት» ብሎ፣
እኔም «በሳሉ!» ብዬ፣ ለዳኛው ደግሜ አስረግጬ፣
አንቀጹን ጠቅሼ፣ ውኃዬን ጠጣሁ ተቀምጬ።

«ሳልህ እስካሁን አልለቀቀህም?» አልኩት።
ሳቀ፤ ፌዝ አይደለም፣ ደከመኝ እንደ ማለት።
«እዚያው ቃሊቲ ነው የያዘኝ፣ በሁለተኛው ክረምት።
ስገባማ ደረቴ ደህና ነበር። ግን ጠያቂ አልነበረኝም፤
ችሎት ላይም፣ ከዚያ ወዲያም።»

የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ተነሣ፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤
ጉደታ ከጃኬቱ ሥር ገንዘብ አውጥቶ፣ ቆጥሮ አስቀመጠ።
ግማሹን ወሰድኩ። ሁሉንም መመለስ አምሮኝ ነበር፤
የኮንቴይነሩ ኪራይ ደግሞ ሦስት ወር አልፎት ነበር።

ቶሎሳ ይባላል ታናሹ። ክሱ አሥራ ሁለት ዘንግ ፌሮ፣
ከኮዬ ፈጬ ግንባታ፣ በሌሊት፣ አጥር ሰባብሮ።
ችሎቱ ያው ችሎት ነው። ግድግዳውን ቀብተውታል።
የዐቃቤ ሕጓ ማኅደር አረንጓዴ ነው፣ ጥጉ ተልጧል፤
ምናልባት የኔው ነው። ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ይቆርጣል።
«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ምስክሮቻችን ያስረዳሉ» አለች፤
ከንፈሬ አብሯት ተንቀሳቀሰ። አየችኝ፤ ግራ ተጋባች።
ከእሷ ጠረጴዛ እስከ እኔ አራት እርምጃ ነው፣ ለክቼዋለሁ፤
አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤
አንዳንድ ቀን፣ ገና እየሄድኩ ነው እላለሁ።

ምስክሩ ወጣት ዘበኛ፣ እጁን አንሥቶ ማለ።
«ፊቱን አላየሁም፤ በአረማመዱ ለየሁት» አለ።
ተነሣሁ። ጥያቄዎቼን ሌሊቱን ስደረድር አድሬ፣
ወረቀቱን ገለበጥኩት። «ከዚያ ሌሊት በፊት፣ ወንድሜ፣
ይህ ልጅ ሲራመድ አይተኸው ታውቃለህ?» አልኩ፣ አንገቴን ሰብሬ።
አፉን ሲከፍት መብራት ሄደ። መቅረጫው ቃሉን ዋጠ፤
ቀጠሮ ለታኅሣሥ አሥራ አራት ተሰጠ።

መስኮቱን የመዝገብ ቁልል ጋርዶት፣ ክፍሉ እንደ ጉድጓድ ጨልሞ፣
ካባዬን ሳጥፍ ከኋላ አንድ ሰው ሳለ፣ ደጋግሞ፤
ጋሪ፣ ኮረት ላይ ሲጎተት።
ጉደታ ነው፣ አልኩ በልቤ። በሳሉ ለየሁት።
«አይዞህ» ልለው እጄን ዘርግቼ ዞርኩኝ።
የማላውቀው ሽማግሌ፣
«ጌታዬ፣ ተራዬ ደረሰ?» አለኝ።