ሸራ ሰም ሲጠጣ

ሚያዝያ ተጋመሰ፣ ፀሐይዋም በረታች፣
ድንኳኗ ጓሳ ላይ እንደ ብቅል ተሰጣች።
የመንገድ ሥራ ንብረት፣ ከጨረታ የወጣች፣
ከደብረ ብርሃን በአይሱዙ ጭነት ላይ የመጣች፤
ስንት ቀያሽ አስተኝታ ስንት ክረምት የገፋች፣
ምሰሶዋ ሳይጎብጥ በስፌቷ የከፋች።

አምና በነሐሴ ወፍ ቆጣሪ እንግዳ አድሮብን፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በባትሪ ቀሰቀሰን፤
መኝታው ኩሬ ሆኖ፣ ደብተሩ ገንፎ ሆኖ፣
ያ ሁሉ የቆጠረው ወፍ በቀለም ተበትኖ።

ዘነበን አየሁት። ዘነበም አየኝ።
የሰሙን ብር የሰጠሁት ለሱ ነው፣ ሰኔ ሳይብት።
«ጠጣኸው» አልኩት፣
እንግዳው ፊት፣ በዚያ ጨለማ።
አልመለሰልኝም።
ኮቱን ትከሻው ላይ ጣለ፣
ዶፉን እንደ መጋረጃ ገልጦ ወጣ፣
ቁልቁል፣ ወደ ይፋት።
ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ሲጭን አየነው አሉ፣
ከዚያ ወዲያ ያየውም የለ።

ዛሬ የችንካሩን ጆንያ ስገለብጥ
ከታች፣ በነጠላ ቅዳጅ የተቋጠረ፣
ሁለት ጡጫ የሚያህል፣
ቢጫ፣ ንብ ንብ የሚሸት፣
ከእንጉዳይ ጠጅ ቤት ሰፈፍ የወጣ ሰም።
ገዝቶት ነበር።
ገዝቶት፣ ፀሐይ ሲጠብቅ ነበር፤
እርጥብ ሸራ ሰም አይዝም፣
አምና ደግሞ ክረምቱ ቸኮለ።
እኔም ቸኮልኩ።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ሥራ ይሠራል።
ትንሹን ድስት በትልቁ ውስጥ፣ ትልቁን በፈላ ውሃ፤
ሰም ከእሳት ፊት ለፊት አይገናኝም፣
ቱግ ይላል፣ እንደኔ።
ሲቀልጥ ከምድጃው አራቅኩት፣ አኳራጅ ጨመርኩበት፣
ሰፊውን ቡሩሽ ነክሬ
መጀመሪያ ስፌቱን፣
ቀጥሎ ጣራውን፣
ቀጥሎ እንደገና ስፌቱን።
ጠጣች። ደገምኩላት፣ ጠጣች።
ለካ ጠጪዋ እሷ ኖራለች።

ጭላዶቹ ገደሉ አፍ ላይ ተቀምጠው
ሣር እየነጩ ይታዘቡኛል።
ቅኔ ቤት የከረመው ወንድሜ
«ሰሙን ገፈህ ጣል፣ ወርቁን ያዝ» ይለኝ ነበር።
እሱ ጓሳ አድሮ አያውቅም።
በነሐሴ ሌሊት ወርቅ ምን ሊረባ?
ለእኔ ሰሙን ስጡኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ አቆምኳት።
ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋሁባት፤
ውሃው ደነገጠ፣
ዶቃ ዶቃ ሆኖ ተንከባሎ ሣሩ ውስጥ ተደበቀ።

ማታ የበልግ ደመና በጅብራዎቹ አናት መጣ።
ብቻዬን ገባሁ፣ ብቻዬን ተኛሁ።
ጣራውን በጣቴ ልነካ ስል እጄን ሰበሰብኩ፤
ጣት ያረፈበት ሸራ ለውሃ መንገድ ይሆናል፣
ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው።
ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ተመታ።
ወለሉን ዳሰስኩ፤ ደረቅ።
የሱንም መደብ ዳሰስኩ፤
ደረቅ።

ጠዋት ጥበቃው ጌጤነህ መጣ፣
ካፖርቱ እስከ ጉልበቱ ርሶ።
«እንዴት አደራችሁ?» አለኝ፣ አፉ እንደለመደው በሁለታችን።
«ለመሆኑ ሌሊቱንስ?»

ምን ልበለው?

«ዘነበ» አልኩት።
«አልገባም።»