ተራ

ሳስካቱን በጥር ወር፣ የሆስፒታሉ ምድር ቤት፤
ውጪ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣
እዚህ ግን ማራገቢያው ሌት ተቀን ያጓራል፣
አንድ የብረት ሣጥን ሙቀቱን ይዘራል።
ሠላሳ ሁለት ኮር፤ ያለኝ ይኸው ነው በእጄ፣
የቀረው በቃል ነው፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ፈቅጄ።
አንዱን የቅርጫ በሬ መቶ አሥራ ስምንት መደብ ቆርጬ፣
ሁሉም «ሙሉው የኔ ነው» ይላል፤ እኔ ዝም ብዬ ተቀምጬ።

ላቦራቶሪው ስምንት አለው፣ ራጅ ክፍሉ ስምንት፤
የደመወዙ ማሽን በወር ሁለት ቀን ይነቃል፣
ቀሪውን ያንኮራፋል፤
እሱም አራት አለው።

ዳርያ ኮስቲዩክ፣ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ፣
ሰኞ ጠዋት ደወለች፤
«ሐኪሙ ያዘዘው እስኪታየኝ ሻዬ በእጄ ይበርዳል።
አራት ነው የሰጠሽኝ? አሥራ ስድስት አድርጊልኝ።»
አደረግኩ። ከመድኃኒት ጋር ማን ይሟገታል?
አንዲት ጠቅታ ናት። ከሌለ ነገር ላይ ሲሰጡ
ቸርነት እንዲህ ርካሽ ነው።

ማክሰኞ ባሰበት።
ረቡዕ ደወለች፤ «ሃያ አራት።»

ስልኩን ዘግቼ ግራፉን ከፈትኩ።
ከታች አንድ ቀጭን መስመር አለ፣ ማንም የማያየው፤
ዝግጁ ሆኖ የጠበቀበትን ጊዜ ይቆጥራል።
ሥራ አይደለም፤ ዕረፍትም አይደለም፤
ካፖርት ለብሶ፣ የጫማ ክር አስሮ፣ በር ላይ መገተር ነው።

ያን ጊዜ መስከረም ትዝ አለኝ፣
የዌንደል ጡረታ፣ ሃያኛው ጎዳና፣ ፒሮጊ ቤቱ ደጅ።
አሥራ ስድስት ነበርን።
አስተናጋጇ «አብራችሁ ናችሁ?» አለች፤
«አብረን» አልን፤ አብረን ቆምን።
ሁለት ሁለት ሆነው የመጡ ገቡ፣ በሉ፣
ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ባጠገባችን ወጡ።
አራት ወንበር ሲለቀቅ አሥራ ሁለት ይጎድለናል፣
አሥር ሲለቀቅ ስድስት።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤
ያን ማታ ያሰረው እኛኑ ነው።

ሐሙስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
መድኃኒት ክፍሉ ጭር ሲል ማሽኑን አጠፋሁ፤
አሥራ ስድስቱን ወደ ሁለት አወረድኩ።
እጄ ከሰው ገበታ እንደሚነጥቅ ፈራ።
እጄ ከለመደ ብዬ ከላቦራቶሪው አራት፣ ከራጁ አራት፣
ከሚያንኮራፋው ሦስት ወሰድኩ፤ ለእንቅልፍ አንድ ይበቃል።
ማንንም አላስፈቀድኩም።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ዳርያ ራሷ ወረደች፣
በፎይል የተጠቀለለ ኬክ ይዛ፤
«ትርሲት! ይበራል እኮ! ሃያ አራቱን ሰጠሽኝ?»
ቁጥሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።
«የሚበቃሽን» አልኳት፤
ኬኩንም ተቀበልኩ፤
የአደይ ፍሬ የመሰለ ጥቁር ቅንጣት
እስከ ማታ ጥርሴ ውስጥ ቆየ።

ሁሉም ሲሄድ ቀረሁ፤ ብርቱካናማው መብራት እያበራ፣
ብረቱ ለማንም አያዳላም፣ ማንንም በስሙ አይጠራ፤
ደም ምርመራው፣ ራጁ፣ የሕመምተኛው ምሳ፣ የኔም ሥራ፣
ከውስጥ ገብቶ ላየው ሰው ሁሉም ነገር ተራ።

ሰኞ ከላቦራቶሪው ሬጂናልድ ደወለ፤
«ስምንት ነበረኝ፤ አሁን አራት ነው የማየው።»
«ማሽንህ ዘገየ?»
«አልዘገየም። እንዲያውም...»
ዝም አለ። ከኋላው የደም ብልቃጦች ሲንኳኩ ይሰማኛል።
«ግን ስምንት ነበረኝ» አለ።