አውራ ጣት

በቦዬ ረግረግ ዳር፣ ከጡቡ ምድጃ አጠገብ፣
ሥራዬ መቁጠር ነው፤ የደረቀ፣ የፈረሰ፣ የተሰነጠቀ ጡብ።
አንዱ ይቆፍራል፣ ሌላው በእግሩ ያቦካል፣
ማዳልቾ ፎርማውን ሞልቶ በመዳፉ ይደለድላል፣
በየመቶኛው ጡብ ላይ አውራ ጣቱን ይተክላል።
ፊደል አልቆጠረም፤
ግን ያቺ ጎድጓዳ የጣት አሻራ
ከደብተሬ ይልቅ አትዋሽም፣ ለምስክር ስትጠራ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ጉድጓዱ ወገብ ሲያሰጥም፣
ዶማው ድንገት ጮኸ።
ባልጩት ነው፤ ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያበራ፣
ጠርዙ በሰው እጅ የተሠራ።
የሳለው ሰው ሞቶ፣ ስሙ ተረስቶ፣
የተናገረበት ቋንቋ ጠፍቶ፣
ስለቱ ግን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ኖሮ
ሌባ ጣቴን ቆረጠኝ፣ ገና ስነካው።
«የዚህ አገር አይደል» አለ ማዳልቾ አገላብጦት፣
«ሰው ነው ያመጣው፣ ከሩቅ፣ በጉያው ሸጉጦት።»

ያንን ሰው ሳስበው ሰነበትኩ።
ጊቤን በየት በኩል ተሻገረ? በዋና ወይስ በገመድ?
ገመድ ነበረ ወይ?
ሲመሽ፣ ጉማሬ ሲያጓራ፣ የማንን እጅ ጨበጠ?
ወንዙን ምን ብሎ ጠራው፣ ስም ሳይወጣለት በፊት?
ምናልባት ዝም ብሎ «ውሃ» አለው።
ምናልባት «አንቺ» አላት፣ እንደ ሰው።

ቤቴ ሂርማታ ነው። ማታ መብራት በጠፋበት
ነዚፋ በሻማ ታጠናለች፤ የታሪክ ፈተና አለባት።
«አባዬ ስማ» ትላለች፣ ቃሉን እየጎተተች፦
«መጀመሪያ ድንጋይ። ከዚያ እሳት። ከዚያ እህል።
ከዚያ ከወንዝ ዳር ጭቃ፣ ከጭቃ ጡብ፣ ከጡብ ከተማ…»
«ከዚያስ?»
«ከዚያ ጽሕፈት።»
«ምን ጻፉ?»
ገጹን ገለጠች፤ ሳቀች።
«ዕዳ። ማን ስንት ቁና ገብስ እንዳለበት።»

እኔ አልሳቅሁም።
ጸሎት ይመስለኝ ነበር፣ ወይ የሞተች ሚስት ስም፣
ለካ የመጀመሪያው ጸሐፊ
ወንድሜ ኖሯል፤ እንደኔው ቆጣሪ።

እርሳሷ ዶለዶመ፣ መቅረጫውም ጠፋ።
ባልጩቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት፤
እንጨቱን እንደ ሸንኮራ ላጠችው።
ያ ስም የለሽ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን ማዶ፣
ለልጄ እርሳስ ቀረጸላት።
ትራፊዋን በማግስቱ ከጆሮዬ ላይ ሰካኋት፣ ለሥራ።

ሐሙስ ሌሊት ጉማሬው ወጣ ከረግረጉ፤
ባልደረቀው ጡብ ላይ አለፈ።
መንገዱ ነበር። ከኛ በፊት፣ ከባልጩቱ ሰውዬ በፊት፣
ከአዌቱ ድልድይ፣ ከጅሬን ግቢ በፊት መንገዱ ነበር።
ጠዋት፣ ባለ አራት ጣት ዳናው
ተራ በተራ ተኝቶ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ሰማይ ይታይበታል።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጡብ።

ሐጂ ሽፋ መጡ፤ አዩ።
«ጻፍ» አሉኝ።
«በማን ላይ?»
«ጉማሬ ደሞዝ የለው! ሌሊት እዚህ የሚያድረው ማነው?»
ሁሉም ሳቀ፤ ማዳልቾም ጭምር፣
ገና ሳይገባው።

ጻፍኩ።
በዚያችው እርሳስ፣ በዚያው ሹል ጫፍ፦
«ማዳልቾ። ከደሞዙ የሚቀነስ።»
ከዚያ በአኃዝ፤ ሦስት፣ አንድ፣ ሁለት።
እጄ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።
ደብተሩን ዘረጋሁለት፤ እዚህ ጋ ፈርም፣ አልኩት።
ቀለም አልነበረም። አውራ ጣቱን ጭቃ ነክሮ
ተጫነው።

አሁን ሌሊት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤
ያልተተኮሰው ጡብ ሁሉ ወደ አፈርነቱ ይመለሳል።
ገጹ ላይ ጭቃው ደርቆ፣
የጣቱ መስመር ይቆጠራል፤ እንደ ማሳ ትልም፣
ከኮረብታ ላይ እንደሚያዩት አገር፣ ሰው ገና ያልገባበት።
ነዚፋ ተኝታለች። ባልጩቱን ከደብተሯ ላይ አነሳሁ፤
አኃዙን መፋቅ ጀመርኩ፣ ከኋላ፣ ከሁለቱ።
ወረቀቱ ስስ ነው።
ሦስቱ ላይ ስደርስ ይቀደድ ይሆናል።