ኖፍሪ ያሳየን

ሰኞ እንግዳ የለም። ጀልባዋ የኛ ናት፤
ሄንኪ ሞተሯን ሲቀሰቅስ፣ እንደ ሰነፍ በቅሎ ሲቆጣት፣
ሜይስኬ ደግሞ ከኋላ፣ ጤፍ ይቆላል አፏ፤
ሰርጉ፣ ዕዳው፣ የዓሣው ዋጋ፣ አንድም አያልፍ ከደጃፏ።

ኖፍሪ ከፊት ተቀምጧል፤
ሃያ ስምንት ዓመት በሌምቤ ሰርጥ፣
ለባዕድ ዓይን ሲያሳይ ኖሯል፣
ከአሸዋው ላይ ሲመርጥ፣
የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነፍስ፣
"ያቻትና!" ሲል፣ በዘንግ ጫፍ ሳይዳስስ።

(ቅርቡን ማየት ካቃተው ሁለት ክረምት አልፏል።
አልነገረንም። አልጠየቅነውም።
መነጽር ገዝቶ ደብቋል አለችን ልጁ፣
ዴትጄ፣ ገበያ መሐል፣ ቲማቲም ስትመርጥ።)

ወደ ኋላ ተገለበጥን።
ውሃው ጆሮ ደፈነ፤ የሜይስኬም ወሬ
አረፋ ሆኖ ወጣ፣ ክብ ክብ፣ ፍሬ ፍሬ።

ታች ጥቁር አሸዋ ነው፤ ተራራ የተፋው አመድ፤
ላየው ሰው ምንም የሌለው፣ "ይሄ ነው?" ብሎ የሚሄድ።
የተጣለ ጎማ፣ የአንድ እግር ጫማ፣ አንገቱ የተሰበረ ጠርሙስ፤
ግን ዝቅ በል እስኪ፣ አሸዋ ሳትነካ፣ አፍንጫህ ሊነካው ሲደርስ፤
ጠርሙሱ ውስጥ ቤተሰብ አለ፤ አውራ ጣት የማታህል ዓሣ፣ አባት መሳይ፣
ዕንቁላሎቹን ያራግባል፤ በየዕንቁላሉም ሁለት ነጥብ፣ አንተን የሚያይ።

ሄንኪ የባሕር ፈረስ አገኘ፣ ከጥፍር የማይበልጥ።
ፈረሱ ፊቱን አዞረ። ሄንኪ ዞረ። ፈረሱም ዞረ።
ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጀርባውን ብቻ አነሳ፣
እንደ ኮረፈ ባል።

ሜይስኬ ቀንድ አውጣ አገኘች፣ ዛጎሉን ጥሎ የወጣ፣
በብርቱካን ላይ ሰማያዊ ደርቦ፣ ሰርግ ተጠርቶ የመጣ።
ልትጮህ ፈለገች፤ አፏ ውስጥ የአየር ቱቦ አለ።
ዓይኖቿ ብቻ ጮኹ።

እኔ ከኖፍሪ ጋር ነኝ። ካሜራዬ የውሰት ናት፤
የመብራቷ ክንድ ላልቷል፣ በላስቲክ አስሬያታለሁ፣ ወለም እንዳለው አጥንት።
ትንሽ ጠልቄ ብተነፍስ፣ ትንሽ ውሃ ቢገፋኝ፣
ዓለም ጭጋግ ትሆናለች።

ኖፍሪ ቆመ። ዘንጉን ዘረጋ፣ ወደ አንዲት የሣር ጉንጉን፤
ጣቶቹን አርገበገበ፤ "ሽሪምፕ" ማለቱ ነው፣ "ያቺ ጸጉራሟ፣ ብናኝ የምታህለውን።"
አየሁ። ሣር።
ደግሜ አየሁ። ሣር።
ዞሬ ዓይኖቹን አየሁ፣ ከጭንብሉ መስታወት በስተኋላ፤
እርግጠኛ ናቸው፤ እርግጠኝነታቸው ነው አንጀቴን የበላ።
እንዴት ይባላል፣ ከሃያ ሜትር ውሃ ሥር፣ በእጅ ምልክት፣
"አባቴ፣ የለችም"?
ለ"የለም" ምልክት አለን። ለ"አባቴ" የለንም።

አነሳሁ። ከላይ አነሳሁ፣ ከጎን አነሳሁ፤
ሣሩን በብርሃን አጠብኩት፤ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ።

ጀልባው ላይ፣ ጨው በቅንድባችን፣ የተጠበሰ ሙዝ በሚያቃጥል ዳጣ፤
ሄንኪ ጀርባ ያሳያል፤ ሃያ ስድስት ጀርባ።
"እስኪ ያንተን አምጣ።"
ሰጠሁት። ክንዱን ዘረጋ፤ ካሜራዋን አራቃት፤
አሁንም አራቃት፤ ክንዱ አለቀ።
ሜይስኬ ከትከሻው በላይ፣ "ውይ፣ ስታምር!" አለች፣ "ዕንቁላልም ይዛለች!"
"እግሯን እዩልኝ" አለ ሄንኪ።
ዋሸን፣ ሦስታችንም፣ በአንድ አፍ።

ኖፍሪ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ኋላ በሆዱ፣
ጀልባዋ እስክትወዛወዝ።
"ከሄደች እኮ ሦስት ቀኗ!
ዓርብ ለት ማዕበል ወሰዳት፤ ወይ ዓሣ በላት፤ እኔ እንጃ።
ያሳየሁህ ቤቷን ነው።
ቤቱን የማያውቅ ሰው፣ የሚመጣውን የት ሆኖ ይጠብቃል?"

ከዚያ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፤ በአንድ በኩል በክር የታሰረ፤
እኛ እያየነው አደረገው፤ ሣሬን አንድ በአንድ መረመረ።
አሥራ ዘጠነኛዋ ላይ ቆመ። "ይቺን አታጥፋት።
ከግራ፣ ከታች። አየሃት?"
አጎላሁ። አጎላሁ።
ነጥብ። ዓይን ትሁን አቧራ፣ እንጃ።
ሜይስኬ እንኳ ዝም አለች።
ሞተሩ በሦስተኛው ተነሣ።